የዕቁቡን ብር አይንኩት፤ ጉባኤውን ግን አይተዉት

ጥያቄ፦ በጅማ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው የሚጥል በሽታ ካለባቸውና ስትሮክ ከመታቸው ሕሙማን ጋር ነው። ባለፈው ሳምንት «በዓለም አቀፍ የኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ጉባኤ ላይ በዋና ተናጋሪነት ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ለየትኛው ሥራዬ እንደተመረጥኩ አይገልጽም፤ የመመዝገቢያውን 799 ዶላር ግን በአምስት ቀን ውስጥ እንድከፍል ይጠይቃል። ከአገር ወጥቼ አላውቅም። የዕቁብ ዕጣዬ ሊደርሰኝ ስለሆነ በዚያ ልከፍል አስቤአለሁ። ልሂድ? እንዲህ ባለ ጉባኤ ላይ ለመገኘትስ እንዴት እዘጋጃለሁ?

ምላሽ፦

ውድ ባልደረባዬ፣

የዕቁቡን ብር አይንኩት። ወደዚህኛው ስብሰባ አይሂዱ። ወደ እውነተኛ ጉባኤ ግን መሄድ አለብዎት፤ ስለዚህ ሁለቱን ለይቼ ልጻፍልዎ። በየዓመቱ ካስተማርኳቸው ወጣት ሐኪሞች ቢያንስ አንዱ ይህን መሰል ደብዳቤ በስልኩ ይዞ ይመጣል። ፊቱ በደስታ በርቶ ሳይ «ይህ እውነት አይደለም» ማለት ለእኔ ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም። ግን ማለት አለብኝ።

በዋና ተናጋሪነት በእውነት የተመረጠ ሰው የመመዝገቢያ አይጠየቅም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አዘጋጆቹ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን ይሸፍኑለታል። የሚመረጠውም ጉባኤው ከመካሄዱ ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ ስሙና ሥራው በሚታወቅበት አንድ ጉዳይ ላይ እንዲናገር ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ሥራዎን አይጠቅስም፤ ሊጠቅስም አይችልም፤ ምክንያቱም ላኪው ያንኑ ደብዳቤ ስማቸው ብቻ ተቀይሮ በሺህ ለሚቆጠሩ ሐኪሞች ልኮታል። የአምስት ቀኑ ጥድፊያም የተቀመጠው ሰው እንዳይጠይቅ ነው። እርስዎ ግን ጠየቁ፤ ደግ አደረጉ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መቀመጫውን በሕንድ ሃይደራባድ ያደረገውን ኦሚክስ የተባለ የመጽሔት አሳታሚና የስብሰባ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰሰ። በ2019 በኔቫዳ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ድርጅቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ፣ ታዋቂ ሳይንቲስቶች ሳይስማሙ ስማቸው በተናጋሪነት እየተለጠፈ ተሳታፊ ይጠራበት ነበር የሚል ነው። የእርስዎን ደብዳቤ የላከው ማንም ይሁን ማን፣ ዘዴው ይህ ነው። እንዲህ ያሉት ስብሰባዎች ሁልጊዜ ባዶ ውሸት ናቸው ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ አንድ ሆቴል ውስጥ ትንሽ አዳራሽ ተከራይተው ሃያና ሠላሳ ሰው ያስቀምጣሉ፤ የጥርስ ሐኪሙ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያውና የነርቭ ሐኪሙ ተራ በተራ ለማይሰማቸው ሰው አንብበው፣ ሰርተፍኬት ይዘው ፎቶግራፍ ተነሥተው ይለያያሉ። የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በአንድ ሐኪም ሕይወት ምናልባት አንዴ የሚገኘው ከአገር የመውጫ ዕድል እንዲያ ባለ ክፍል ውስጥ መቅረቱ ነው።

ወደፊት ተመሳሳይ ደብዳቤ ሲደርስዎ በመጀመሪያ ባለቤቱን ይፈልጉ። እውነተኛ ጉባኤ ከጀርባው የሙያ ማኅበር አለ፤ ማኅበሩም የጉባኤውን ስም በራሱ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ቀጥሎ በአዘጋጅ ኮሚቴነት ከተዘረዘሩት ፕሮፌሰሮች ለአንዱ፣ ስብሰባው በሰጠው አድራሻ ሳይሆን በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በኩል በሁለት መስመር ይጻፉለት፦ «በዚህ ስብሰባ ላይ ይገኛሉ?» እኔ ይህን ጥያቄ ጽፌ «ስሜ እዚያ መኖሩንም አላውቅም» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። በመጨረሻም አብስትራክቱ (የሚያቀርቡት ጥናት አጭር ማጠቃለያ) እንዴት እንደሚገመገም ይመልከቱ። ማታ ተልኮ በማግስቱ «ተቀባይነት አግኝቷል» ከተባለ፣ ያነበበው ሰው የለም።

አሁን ወደ እውነተኞቹ። ለሙያችን ትልቁ መድረክ የዓለም የኒውሮሎጂ ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀው የዓለም የኒውሮሎጂ ጉባኤ ነው። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 1957 በብራሰልስ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱም ቤልጅየማዊው ሉዶ ቫን ቦጋርት ነበሩ። ከ2014 ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ 22 የዓለም የአንጎል ቀን ሆኖ የሚከበረው ለዚህ ነው። አባላቱ የየአገሩ የኒውሮሎጂ ማኅበራት ናቸው። ጉባኤው በየሁለት ዓመቱ ጎዶሎ ቁጥር በሆነ የአውሮፓውያን ዓመት ይካሄዳል፦ በ2011 ማራካሽ፣ በ2017 ኪዮቶ፣ በ2019 ዱባይ፣ በ2023 ሞንትሪያል፣ በ2025 ሴኡል። የ2021ዱ የሮም ጉባኤ በኮቪድ ምክንያት በኢንተርኔት ተካሄደ። የማራካሹ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር። ከዚህ ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 በቡዳፔስት የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ የራሱን ጉባኤ ያካሂዳል። በ2015 የተቋቋመው የአፍሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚም አለ፤ ከአውሮፓው አካዳሚና ከፌዴሬሽኑ ጋር በመተባበር በአህጉራችን የሚሰጡ የማስተማሪያ ኮርሶችም አሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ከሆኑ የእኔ ምርጫ ከትልቁ ይልቅ የሚጥል በሽታው ወይም የአፍሪካው ነው። ትልቁ ጉባኤ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ በአንድ ሰዓት የሚከፈቱ ብዙ አዳራሾች ያጋጥሙዎታል፤ ያልለመደ ሰው ሦስቱን ቀን መንገድ ሲፈልግ ያሳልፋቸዋል። አነስ ባለው ግን ከእርስዎ ጋር ተመሳሳይ ዋርድ ያለው፣ ተመሳሳይ መድኃኒት የሚያልቅበት ሐኪም አጠገብዎ ይቀመጣል።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበትን ጉባኤ ስለራሴ ልንገርዎ፤ ጥፋቱ የራሴ ነውና። ሳልዘጋጅ ሄድኩ። አራት ቀን ሙሉ ከአዳራሽ አዳራሽ ሮጥኩ፤ በአንጎል ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ሰድዶ የረጋ ደም ስለሚጎትተው ሕክምና፣ ስለ ጂን ሕክምና፣ በአንድ መርፌ የብዙ ዓመት ደመወዜን ስለሚያወጣ መድኃኒት ሰማሁ። ሁለት ደብተር ጻፍኩ። የተመለስኩት እሑድ ማታ ነበር። ሰኞ ጠዋት ራውንድ (የሕሙማን ጉብኝት) ስገባ በዋርዱ ውስጥ ከጻፍኩት አንድም ነገር ላደርግለት የምችል ሰው አልጋ ላይ አልነበረም። ደብተሮቹ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አሉ።

በሁለተኛው ጉዞዬ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሄድኩ፤ ጥያቄውን የሰጠችኝም በሴቶች ዋርድ ያየኋት ልጅ ናት። እናቷ በስትሮክ ግማሽ አካሏ ተይዟል። አንገቷ በትራሱ ላይ ወደ ኋላ ተንጋሏል። ልጅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አጥሚት በማንኪያ ወደ እናቷ አፍ ታንቆረቁራለች፤ በቀኝ በኩል የከንፈሯ ማዕዘን ስለወደቀ ግማሹ በአገጯ ይወርዳል፤ ልጅቱ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ ደግማ ታጎርሳታለች። እናትየው ትስላለች። ስትናገር ድምጿ ውኃ እንደሞላው እንስራ ይንቦጫረቃል። ልጅቱ ከፍቅር በቀር ምንም አላደረገችም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ተነሣ፤ ከዚያ የሳንባ ምች ሆነ። እኛ ሐኪሞቹ በየቀኑ በዚያ አልጋ አጠገብ አልፈናል፤ የእግሯን ጉልበት መዝነናል፤ መዋጥ ትችል እንደሆን ግን ማናችንም አልፈተሽንም። ስትሮኩን ተሻግረው በጉርሻ የሞቱብን ስንቶች እንደሆኑ ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ ይነሣኛል።

እናም በዚያ ጉባኤ ብዙ ሰው የጎረፈበትን የደም ሥር ሕክምና አዳራሽ ትቼ፣ ነርሶች ወደሚናገሩበት ጠባብ ክፍል ገባሁ። እዚያ የአውስትራሊያውን ጥናት ሰማሁ። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣ ነው። ክፍሎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን ነርሶች ሠልጥነው ሦስት ነገሮችን በጥብቅ እንዲከታተሉ ተደረገ፦ ትኩሳትን፣ የደም ስኳርንና መዋጥን። ትኩሳቱ 37.5 ዲግሪ ሲደርስ ፓራሲታሞል፤ ስኳሩ ሲወጣ ማስተካከያ፤ ጉሮሮው ሳይፈተሽ ደግሞ በአፍ ምንም እንዳይሰጥ። ከ90 ቀን በኋላ፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት መካከል 58 በመቶው ሞተዋል ወይም የሰው እጅ ጠባቂ ሆነዋል፤ በነርሶቹ ክትትል ሥር የነበሩት ግን 42 በመቶ። አዲስ መድኃኒት የለበትም፤ ውድ መሣሪያም የለበትም። የሙቀት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የዚያች ልጅ ነጠላ ነበር ፊቴ የመጣው።

ወደ ጅማ እንደተመለስኩ መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሐኪሞቹን ሳይሆን የዋርዱን ኃላፊ ሲስተር ነው። ታማሚው ነቅቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በሻይ ማንኪያ ውኃ እናቀምሰዋለን፤ ከሳለ ወይም ድምፁ ከረጠበ እናቆማለን፤ ካልሆነ ደግመን፣ ከዚያም በትንሽ ስኒ። ላልቻለ በአፍንጫ ቱቦ። ሲስተሯ አንድ ነገር ጨመረች፤ እኔ ያላሰብኩትን። «ዶክተር፣ የሚያጎርሰው አስታማሚው ነው፤ ለእኛ ብቻ ብንጽፈው ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። ከዚያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት በየአልጋው ራስጌ ተለጠፈ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ማንኪያ ተሥሎ በላዩ ላይ ተሰረዘበት። የሳንባ ምች ከዋርዱ አልጠፋም። ነገር ግን አስታማሚዎች ራሳቸው «ጉሮሮው ታየ ወይ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ከጉባኤ ያመጣሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ስለዚህ ከመዘጋጀት ሁሉ በፊት ይህን ያድርጉ፦ ለአንድ ወር በራውንድ ላይ ያቃተዎትን ሁሉ ይጻፉ። በወሩ መጨረሻ ከሁሉ አብልጦ የሚደጋገመውን አንዱን ይምረጡ። ይዘውት የሚሄዱት እሱን ነው።

እንዲሁ ለመስማት ብቻ አይሂዱ፤ ሥራ ይዘው ይሂዱ። አብስትራክት የሌለው ተሳታፊ ተመልካች ነው፤ የጉዞ ድጋፍም በአብዛኛው የሚሰጠው ሥራ ለሚያቀርብ ወጣት ሐኪም ነው። «እዚህ ምን ምርምር አለና?» እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አዳርሰው፣ የሚጥል በሽታ ከሺህ ሰው በ5.2ቱ ላይ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። የያዙት መጠይቅ ነበር፤ የሄዱትም በእግር ነው። ስለ አፍሪካ የሚጥል በሽታ የሚጽፍ ሰው ዛሬም ያን ቁጥር ይጠቅሳል።

የእኛው ጅማም ቢሆን ባዶ እጇን አይደለችም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በጅማና በጎንደር ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሠልጥነው የሚጥል በሽታን ፊኖባርቢታል በተባለው መድኃኒት ማከም ጀመሩ፤ ውጤቱም ተጽፎ ወጥቷል። ሐኪም በሌለበት ገጠር ነርስ ይህን በሽታ መቆጣጠር እንደምትችል ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ከዚሁ ከአካባቢያችን የወጣ ነው። የእርስዎ ሥራ ከዚያ መቀጠል ይችላል። እንዴት እንደሆነ ላሳይዎት።

የዓለም ጤና ድርጅት የበላይ አካል የሆነው የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. የሚጥል በሽታንና ሌሎች የነርቭ ሕመሞችን የሚመለከት እስከ 2031 የሚዘልቅ የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቋል። በውስጡ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶው ሕመማቸው ሊታከም የሚችል የአንጎል ሕመም መሆኑን እንዲያውቁ፣ 80 በመቶው መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከሚታከሙት 70 በመቶው መውደቁ እንዲቆምላቸው ወይም በበቂ ሁኔታ እንዲቀንስላቸው። እንግዲህ አንድ ጤና ጣቢያ ይምረጡ፤ የሚጥል በሽታ መዝገቡን ያውጡ። በአንድ ዓመት ስንት ሰው ተመዘገበ? ከእነዚያ ውስጥ በየወሩ የተመለሰው ስንት ነው? መድኃኒቱ ከመደርደሪያው የጠፋባቸው ወራት ስንት ናቸው? ባለፉት ሦስት ወራት አንዴም ያልወደቁት ስንት ናቸው? አራት ጥያቄ፤ አንድ መዝገብ። ከ90፣ ከ80 እና ከ70 ጋር አስተያይተው ሲያቀርቡት የቪየና ሐኪም ሊጽፈው የማይችለው አብስትራክት ይሆናል። ነርሷ «ቀረ» ብላ ከጻፈችበት መስመር ጀርባ ያለውን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል፤ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ «መድኃኒት የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና» የተባለ ሰው፣ ፊኖባርቢታሉ በድንገት ተቋርጦበት የማያባራ መውደቅ ውስጥ የገባ ሰው፣ ሲወድቅ እሳት ላይ የወደቀ ሰው። በስንፍና አይደለም የቀሩት። ይህን ማለት ያለበት ያየው ሰው ነው።

መዝገብ መቁጠር ብቻ ነው ብለው የምርምር ሥነ ምግባር ቦርዱን ፈቃድ እንዳይዘልሉ። የታማሚ ቪዲዮ የሚያሳዩ ከሆነ ደግሞ በሚገባው ቋንቋ፣ በጅማ ብዙውን ጊዜ በአፋን ኦሮሞ ማለት ነው፣ ተነግሮት የተፈረመ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሲወድቅ የተቀረጸ ሰው ራሱን አያውቅም ነበር፤ ሲነቃ የመጠየቅ መብት አለው።

ጽሑፉን አጭር ያድርጉ፤ አብዛኞቹ ከ250 እስከ 300 ቃል ይፈቅዳሉ። መነሻ፣ አሠራር፣ ውጤት፣ መደምደሚያ። በውጤት ክፍል ውስጥ ቁጥር ይኑር፤ «ውጤቱ በጉባኤው ላይ ይገለጻል» የሚል አብስትራክት ይወድቃል። የማስገቢያው ቀን ብዙ ጊዜ ከጉባኤው ከአራት እስከ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነው። የመጨረሻው ሰዓት በመካከለኛው አውሮፓ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ከሆነ፣ በእኛ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። እስከዚያ አይጠብቁ። በዚያች ሌሊት መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርክ ሊቆም ይችላል፤ የስድስት ወር ሥራዬ በእንዲህ ያለ ሌሊት ቀርቶብኝ ያውቃል። ሦስት ቀን ቀድመው ይላኩ።

ስምዎን በተመለከተ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ቪዛ ግን ያስከለክላል። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ፎርሙ ግን ይጠይቃል። አንዱ ቦታ የአባትዎን፣ ሌላው ቦታ የአያትዎን ከሞሉ፣ ኤምባሲው ሁለት ሰው ያያል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፦ ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲጻፍ የተለያየ ነው፤ ዲፕሎማው ላይ በአንዱ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላው የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ከአብስትራክቱ እስከ ሆቴሉ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ይቅዱ።

ጉባኤው በሼንገን አገር (በጋራ ቪዛ ከሚሠሩት የአውሮፓ አገሮች በአንዱ) ከሆነ የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። መልሱ በተለመደው አካሄድ 15 ቀን ይወስዳል፤ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ይህን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ክፍያው ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠይቃሉ። ዋናው ችግር የቀጠሮ ወረፋ ነው። አሻራ ለመስጠት በአካል አዲስ አበባ መገኘት አለብዎት፤ 350 ኪሎ ሜትር በወልቂጤ መንገድ መሄድና መመለስ፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ። ስለዚህ አብስትራክቱ ተቀባይነት እንዳገኘ በዚያው ሳምንት የግብዣ ደብዳቤ ይጠይቁ። ከመሥሪያ ቤትዎ የሚያጽፉት ደብዳቤ የሥራ መደብዎን፣ ደመወዝዎን፣ የተፈቀደልዎትን የፈቃድ ቀንና ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ቀን ይግለጽ፤ ያቺ የመመለሻ ቀን ከሁሉ ትበልጣለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያውጡ፤ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይጸናል።

ስለ ገንዘቡ፦ ብዙዎቹ ትልልቅ ጉባኤዎች በዓለም ባንክ የገቢ ምደባ መሠረት ለድሃ አገሮች ሐኪሞች የተቀነሰ ክፍያ አላቸው፤ ለሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ላለ ሐኪም) ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የዚያ ዓመት ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያን ይፈልጓት፤ ካላገኟት ለአዘጋጆቹ ጽፈው ይጠይቁ እንጂ ሙሉውን አይክፈሉ። የጉዞ ድጋፍ ማመልከቻ ከአብስትራክቱ ጋር አብሮ የሚሞላ ስለሆነ በኋላ ልጠይቅ ብለው እንዳይተዉት። ድጋፉ ካልተገኘ በኢንተርኔት መሳተፍ አለ፤ ከመቅረት ይሻላል፤ ነገር ግን ሥራዎ ታትሞ በተለጠፈበት ፖስተር አጠገብ መቆምን አይተካም።

ጉባኤው ላይ ሲደርሱ ፕሮግራሙን ሌሊቱን አንብበው በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ይምረጡ። የማስተማሪያ ኮርሶቹን አያሳልፉ፤ ለእኛ ከታላላቆቹ ንግግሮች ይበልጥ ይጠቅማሉ። በምሳ ሰዓት ምግብ የሚያቀርቡት ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ኩባንያዎች ናቸው፤ ይስሙ፤ ግን ተናጋሪው ከማን ጋር የገንዘብ ግንኙነት እንዳለው የሚገልጸውን የመጀመሪያ ስላይድ ያንብቡ። በዓለም ጉባኤው ላይ የየአገሩ ቡድኖች በአስቸጋሪ የሕሙማን ታሪኮች ላይ የሚወዳደሩበት መድረክ አለ፤ የመመርመር ጥበብ በአደባባይ ሲሠራ ማየት ከፈለጉ እሱን ይዩ።

ከሁሉ የሚበልጠው የፖስተር አዳራሹ ነው። የማላዊን፣ የኔፓልን፣ የሴኔጋልን ፖስተር ፈልገው አጠገቡ ይቁሙ። «የእንግሊዝኛ አነጋገሬ» ብለው የሚያፍሩ ብዙ ጎበዝ ልጆቻችንን አይቻለሁ፤ እጃቸውን ሳያነሡ ይመለሳሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ይሸምድዱ፦ አንዱ የሚሠሩበትን የሚገልጽ፣ ሌላው ጥያቄዎን። ሌላው ራሱ ይመጣል። ከቻሉ ተቆልቶ የታሸገ የጅማ ቡና በትንንሹ ይያዙ። ያገኙት ሰው ከሦስት ወር በኋላ ስምዎን ቢረሳ ቡናውን አይረሳም፤ ኢሜይልዎንም ይመልሳል።

ሲመለሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ የሰሙት ሳይበርድ፣ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ያቅርቡ። ሬዚደንቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ነርሶቹና የመድኃኒት ቤቱ ሰዎችም ይጠሩ። ከጤና ጣቢያው መዝገብ የሠሩ ከሆነ ፖስተሩን መልሰው እዚያው ይዘው ይሂዱ፤ መዝገቡን ዓመት ሙሉ የሞላችው ነርስ ሥራዋ የት እንደደረሰ ትይ።

ለኢሜይሉ መልስ አይስጡ፤ መልስ ሲሰጡ አድራሻዎ የሚሠራ መሆኑን ያውቁና ሌሎች አሥር ይልካሉ። ዕቁቡ ሲደርስዎ ፓስፖርት ከሌለዎት ከእሱ ላይ ፓስፖርት ያውጡ። በዚህ ሳምንት ደግሞ የሥነ ምግባር ቦርዱን ፎርም ይውሰዱ፤ ፈቃዱ እንደተገኘ መዝገቡን ከመስከረም ጀምረው ይቁጠሩ።